«ጉድፍ ነው፣ ያልፋል» እና የአማና ጥያቄ

 

በዲን ዓምድ ላይ ስለ ጉድፍ መጻፍ ለአንዳንዶች ቦታውን የሳተ ወሬ ሊመስላቸው ይችላል። ስለ ሰላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ወላጆች ሐቅ መስማት በለመድንበት ስፍራ የልጆች ሽፍታ ምን አመጣው? ይሁንና ነገሩ የሐኪም ብቻ አይደለም። አንድ አባት በልጁ ገላ ላይ ያየውን ነገር መናገር አለበት ወይስ ዝም ማለት ይችላል? በእርሱ ዝምታ የጎረቤቱ አራስ ብትጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? ይህ የአማና ጥያቄ ነው። አማና ደግሞ ገበያ ላይ በሚመዘን ኪሎና በተበደርነው ገንዘብ ብቻ አያልቅም።

ሐኪሞች ቫሪሴላ የሚሉትን፣ እኛ ጉድፍ የምንለውን በሽታ የማያውቅ ቤት የለም። ልጁን ያተኩሰዋል። ደረቱና ጀርባው ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ውሃ ይቋጥራሉ፣ ያሳክካሉ፣ ይፈርጣሉ፣ ቅርፊት ሠርተው ይረግፋሉ። አብዛኛው ልጅ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ ተመልሶ ይሮጣል፤ አልሐምዱ ሊላህ። «ጉድፍ ነው፣ ያልፋል» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው፤ ለልጁም እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ ሳይድን የት የት ሄደ? ማን አጠገብ ተቀመጠ?

በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል። የሚተላለፈውም ሽፍታው ከመታየቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ የመጨረሻው ቁስል ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ነው። ከታመመው ልጅ ጋር በአንድ ቤት ከሚኖሩና ከዚህ በፊት ካልያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ እስከ 90 ያህሉን ሊይዝ ይችላል። ከ10 እስከ 21 ቀን ድረስ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ያስያዘውና የተያዘው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ልጅን እንደዋዛ የሚያልፈው ይህ በሽታ በጎልማሳ ላይ ይከብዳል፤ ሳንባ ያቃጥላል። እናት ልትወልድ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ወይም እንደወለደች ከያዛት ለአራሱ ሕፃን ሞት ሊያመጣ ይችላል። የደም ካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን፣ ኤችአይቪ ሰውነቱን ያደከመው ሰውም እንዲሁ ለብርቱ አደጋ ይጋለጣሉ። ድኖ ከሄደውም ሰው ቫይረሱ ፈጽሞ አይለቅም። በነርቩ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሰውየው ሲያረጅ ወይም ሲደክም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሣል። አያትየው ላይ የምናየው ያ የሚያቃጥል ሽፍታ በልጅነቱ «ያልፋል» የተባለው ጉድፍ ነው።

አሁን ወደ ሶማሊያ እንሻገር። የመርካ ከተማ ታሪክ ጉድፍን መናቅ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከማንኛውም ኹጥባ በላይ ይናገራልና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1967 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት የተጠናከረ ዘመቻ ከፈተ። ዘመቻው በአገራችን የተጀመረው በ1971 ሲሆን በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ሰው በዚያ ዓመት ድንገት የታመመ አይደለም። ከዚያ በፊትም ይታመም ነበር፤ የሚቆጥረው ግን አልነበረም። ክትባቱን የያዙት ሠራተኞች በበቅሎና በእግር እየተጓዙ፣ በገበያና በትምህርት ቤት የአንድ ታማሚ ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አገሩን በሙሉ ለመክተብ ከመሞከር ይልቅ ታማሚውን ፈልጎ ማግኘት፣ በዙሪያው ያሉትን መክተብ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው መንደር ማለፍ፤ ዘዴው ይህ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ታማሚ በኦገስት 1976 በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ናት።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ ሠራተኞቹን ከሁሉ በላይ ያስቸገራቸው ጉድፍ ነበር። ፈንጣጣ ፊትን፣ እጅንና እግርን ያበዛል፤ መዳፍና የእግር ውስጥ ድረስ ይወጣል፤ ቁስሎቹም እኩል ይበስላሉ። ጉድፍ ግን ደረትና ጀርባን ያበዛል፤ አንዱ ነጠብጣብ ገና ሲወጣ ሌላው ውሃ ቋጥሮ፣ ሦስተኛው ደርቆ ይገኛል። ይህን መለየት ለሠለጠነ ዓይን እንኳ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፈንጣጣ ጠፋ ከተባለ በኋላ ጉድፍ የያዛቸው ሰዎች እየተፈለጉ፣ የቁስላቸው ቅርፊት ተሰብስቦ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ ነበር። «ጉድፍ ነው» የሚለው ቃል ያለ ማስረጃ አይታመንም ነበር ማለት ነው። ሁለቱን መለየት ለሙስሊሙ ሊቅ አዲስ ነገር እንዳልሆነም እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ከሺህ ዓመት በፊት የሬዩ ተወላጅ አቡ በክር አል-ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ምዕተ ዓመታት በአውሮፓ ሳይቀር ሲጠና ኖሯል። ሰውየው ያደረገው ነገር ያየውን በጥንቃቄ መጻፍ ነበር።

ወደ መርካ እንመለስ። በሶማሊያ በ1977 ብቻ ከ3 ሺህ በላይ የፈንጣጣ ታማሚዎች ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሁለት ሕፃናት ታማሚዎችን የያዘ መኪና ወደ መርካ ሆስፒታል መጣ። በሆስፒታሉ በምግብ አብሳይነት የሚሠራ ዓሊ ማዎ ማሊን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ሾፌሩን መንገድ ለማሳየት መኪናው ላይ ወጣ። ጉዞው የጥቂት ደቂቃ ነው። ዓሊ አልተከተበም ነበር፤ መርፌው እንዳያመው ፈርቶ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ አተኮሰው። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። ሽፍታ ሲወጣበት ደግሞ ጉድፍ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተሰደደ።

ወንድሞችና እህቶች! ዓለም በሙሉ ለዐሥር ዓመት የደከመበት ነገር በአንዲት ቃል ላይ ቆመ። «ጉድፍ ነው» ተብሏልና ጓደኞቹ ሊጠይቁት ገቡ፣ ወጡ። እውነቱ የታወቀው በጥቆማ፣ ሽፍታው በወጣ በቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ከዓሊ ጋር የተገናኙ 161 ሰዎች አንድ በአንድ ተፈልገው ተለዩ። ሆስፒታሉ ተዘጋ። በከተማው ቤት ለቤት ፍተሻ ተደረገ፤ መግቢያና መውጫው ላይ ጠባቂ ቆመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ54 ሺህ በላይ ሰው ተከተበ። ከዓሊ ወደ ሌላ ሰው በሽታው አልተላለፈም። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ፤ በሜይ 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። ዓሊ ከሕመሙ ድኖ በኋላ ዘመኑ በፖሊዮ ክትባት ሥራ ላይ ተሰማራ። እናቶችን እየዞረ ክትባት መፍራት እርሱን ምን ላይ እንደጣለው ይነግራቸው ነበር። በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ተመልሶ በገባ ጊዜ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ታሞ አረፈ። አላህ ይማረው።

«መቁጠር የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እኛ በአላህ የምንመካ ነን» የሚል ድምፅ በመካከላችን መኖሩ አይካድም። ይህ አባባል ሲራን ካለማንበብ የመጣ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች ተቆጥረው እንዲጻፉላቸው ሰሃባዎችን አዘዋል፤ 1500 ወንዶችም ተመዘገቡ። ሕዝብን መዝግቦ ማወቅ እንግዲህ በመዲና የተሠራበት ነገር ነው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ደግሞ ዲዋን የሚባለውን መዝገብ አቋቋሙ። ከበይተል ማል ድርሻ የሚሰጠው በዚያ መዝገብ ነበር። ለሕፃናት የሚሰጠው ግን ጡት ከጣሉ በኋላ እንዲሆን ወስነው ነበር። አንድ ሌሊት ነጋዴዎች በመዲና ዳርቻ ሰፍረው ሳለ ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ጋር ሲጠብቋቸው ያድራሉ። የሕፃን ልቅሶ ይሰማሉ። እናቲቱን ሄደው ልጅሽን አባብይ ይሏታል። ይመለሳሉ፤ ሕፃኑ እንደገና ያለቅሳል። በመጨረሻ ሲጠይቋት፣ ማንነታቸውን አላወቀችምና፣ ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረቻቸው። ለምን? ዑመር ጡት ላልጣለ ልጅ ስለማይሰጥ! ልጁ ገና ወራት ብቻ የሆነው ነበር። ፈጅርን ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው ብዛት ቂርኣታቸው ለሰዎች አልለይ አለ ይባላል። ከሰላት በኋላ በመዝገቡ ሕግ ምክንያት ስንት የሙስሊም ልጅ ሞቶ ይሆን ብለው ተጨነቁ። ወዲያውም ልጆችን ጡት ለማስጣል ማንም እንዳይቸኩል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ድርሻ እንደሚሰጥ አሳወጁ፤ ወደየግዛቱም ጻፉ።

ይህን ታሪክ ስለ ዑመር ርኅራኄ ሲነገር ሁላችንም ሰምተነዋል። እኔ ግን በውስጡ ሌላ ነገር አያለሁ። መዝገብ ያለው ገዥ ስሕተቱን ማየት ቻለ፤ ባየም ጊዜ አስተካከለው። እናቲቱም እውነቱን ባትናገር ኖሮ የሚስተካከል ነገር አልነበረም። መዝጋቢው እንዲያይ ተመዝጋቢው መናገር አለበት።

የጉድፍ ክትባት ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ሚቺያኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1960ዎቹ በአሜሪካ ቴክሳስ ሲሠራ ትንሹ ልጁ ጉድፍ ይዞት ክፉኛ ተሠቃየ። አባትየው ወደ አገሩ ተመልሶ በ1974 ክትባቱን ሠራ። አሜሪካ በ1995 ፈቀደችው። ከዚያ በፊት በዚያች አገር በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰው ጉድፍ ይይዘው ነበር፤ ከ10 ሺህ በላይ ሆስፒታል ይገባል፤ ከ100 እስከ 150 ሰው ይሞታል። ሀብታም፣ ሐኪም የሞላባት አገር ናት። ቢሆንም «ያልፋል» የተባለው በሽታ በየዓመቱ ይህን ያህል ሰው ይወስድ ነበር።

አሜሪካኖቹ አንድ ችግር ገጠማቸው። ሁሉም ጉድፍን ስለሚንቀው በየክፍለ ግዛቱ በአግባቡ አይመዘገብም ነበር። የክትባቱን ጥቅም እንዴት ይወቁ? ሦስት ቦታዎችን መረጡ። በካሊፎርኒያ አንቴሎፕ ቫሊ፣ በቴክሳስ ትራቪስ ካውንቲ፣ በፔንሲልቬንያ ዌስት ፊላደልፊያ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ከትምህርት ቤት፣ ከሕፃናት መዋያ፣ ከሐኪም ቤት በየጊዜው እየተጠየቀ እያንዳንዱ ታማሚ ተቆጠረ። በ2000 በሽታው በሦስቱ ቦታዎች ከመቶ ከ71 እስከ 84 ቀንሶ ተገኘ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይም መቀነሱ ነው። እነርሱ አልተከተቡም፤ ክትባቱ የሚሰጠው ዓመት ከሞላ በኋላ ነውና። የዳኑት ታላላቆቻቸው ስለተከተቡ ነው። የማያውቁት ሰው ልጅ መከተቡ ለእነርሱ ግርዶ ሆናቸው።

ቆጠራው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ አላሳየም። ቆይቶ በተከተቡ የትምህርት ቤት ልጆች መካከልም ጉድፍ ሲነሣ ታየ። ቁስሉ ጥቂት፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም ይተላለፋል። አንድ ጊዜ መክተብ አይበቃም ማለት ነው። ይህን ደብቀው «ክትባታችን ፍጹም ነው» አላሉም፤ በ2006 ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ደነገጉ። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጅ ለትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ የክትባት ወረቀት አምጡ ይባላሉ። በ25 ዓመት ውስጥ በሽታው ከመቶ ከ97 በላይ ቀንሷል። እንግሊዝ በበኩሏ ለብዙ ዓመታት ስታመነታ ቆይታ፣ የሌሎችን አገሮች መዝገብ ካየች በኋላ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለሕፃናት እንዲሰጥ ወስናለች። የአንዱ አገር እናት ያስመዘገበችው ሽፍታ ባሕር ተሻግሮ ለሌላይቱ ልጅ ተረፈ።

ስለ ተወኩል የሚነሣውን ጥያቄም እንመልከት፤ በየመስጊዱ ደጃፍ የሚሰማ ነውና። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባል ቦታ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ይህ በታሪክ የዐምዋስ ወረርሽኝ የሚባለው፣ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ የበረታው ነው። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩና ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንምን ብለው ጠየቁ። ዑመርም የሸሹት ወደዚያው ወደ አላህ ቀደር እንደሆነ አስረዷቸው፤ ግመሎቹን በለምለሙ ሸለቆ ያሰማራም፣ በደረቁ ያሰማራም ሁለቱም በአላህ ቀደር እንደሚያደርጉት ምሳሌ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ ማዘዛቸውን የተናገሩት። የታመሙ ግመሎች ባለቤት ግመሎቹን ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቀላቅል መከልከሉም በሐዲስ የታወቀ ነው። ለግመል የተነገረውን ለሰው ልጅ መንፈግ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው?

ሌላው ሽፋን ሰትር ነው። «የሙስሊምን ነውር መሸፈን ታዟል» በሚል የልጃቸውን ሽፍታ ከመምህሩ የሚደብቁ አሉ። ሰትር ለኃጢአት፣ ለነውር ነው። በሽታ ኃጢአት አይደለም፤ ጉድፍ የያዘው ልጅ የሚያፍርበት አንዳች ነገር የለውም። ዓይን ይበላዋል ብላ ልጇን የምትደብቅ እናትም አለች። ሩቅያውን ታድርግ፣ ዱዓውን ታብዛ፤ ግን ለመምህሩም ትንገር። መረጃውን የሚቀበለው ሰውም አማና አለበት። መዝገብ የያዘ ነርስ ወይም ኡስታዝ የሰውን ልጅ ሕመም በቡና ላይ ካወራው ሰው ሁለተኛ አይነግረውም፤ ጥፋቱም የእርሱ ይሆናል።

አሁን የሸሪዐ ጥያቄ ያለበትን ነገር እናንሣ። ከጉድፍ ክትባቶች መካከል ቫሪቫክስ የተባለው በውስጡ ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን አለበት። ይህን መደበቅ አይገባም። ደብቆ ማስከተብ እምነት ያጠፋል፤ በኋላ የሰማ ሰው ከሁሉም ክትባት ይሸሻል። ታዲያ ብይኑ ምንድን ነው? በ1995 በኩዌት የእስልምና የሕክምና ሳይንስ ድርጅት ባዘጋጀው ጉባኤ ከመቶ በላይ ዑለማዎችና ባለሙያዎች ተገኝተው፣ ከአጥንትና ከቆዳ ተለውጦ የተሠራ ጀላቲን ባሕርዩ በመለወጡ ንጹሕ እንደሆነ ተናግረዋል። ፉቀሃዎች ኢስቲሓላ የሚሉት ይህ ነው፤ ወይን ጠጅ ወደ ኮምጣጤ ሲለወጥ ብይኑ እንደሚለወጥ ማለት ነው። ሌሎች ዑለማዎች በዚህ አይስማሙም፤ በተለይ በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒይ መዝሀብ የኢስቲሓላ በር ጠበብ ያለ ነው። የኢንዶኔዢያ የዑለማዎች ምክር ቤት በ2018 ስለ ኩፍኝና ሩቤላ ክትባት ሲጠየቅ፣ ክትባቱ ሐራም ነገር የነካው ቢሆንም ሌላ እስኪገኝ በዶሩራ ይፈቀዳል የሚል ፈትዋ ሰጥቷል። መንገዱ ሁለት ሆኖ መድረሻው አንድ መሆኑን አስተውሉ። ደግሞም ቫሪልሪክስ የሚባለው ሌላው የጉድፍ ክትባት ጀላቲን የለበትም። ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ፣ አገር ውስጥም በግል ሐኪም ቤት ለማስከተብ የምታስቡ፣ የክትባቱን ስም ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አማራጭ እያለ አማራጩን መያዝ፣ ከሌለ ደግሞ የታመኑበትን ዓሊም አማክሮ መወሰን ይሻላል። ጀላቲንን ምክንያት አድርጎ ስለ ክትባት ሁሉ ማስፈራራት ግን ቅንነት አይደለም። ወላሁ አዕለም።

በአገራችን የጉድፍ ክትባት ለሕፃናት በነፃ ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ የለም። በዘጠኝ ወርና በዐሥራ አምስት ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ነው፤ ብዙ ወላጅ ሁለቱን ያምታታል፤ የኩፍኙ ክትባት ከጉድፍ አያድንም። ኩፍኝ በፍጥነት ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ጉድፍን ግን ቤት ውስጥ አስተኝተን እናልፈዋለን። «ክትባቱ ከሌለ መቆጠሩ ምን ይጠቅማል?» ይባል ይሆናል። ክትባት ለመግዛት ገንዘብ የሚመድብ መንግሥት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሰው ይታመማል፣ ስንት ይሞታል የሚለውን ነው። ያልተቆጠረ ሕፃን በዚያ ስብሰባ ላይ ጠበቃ የለውም።

ሌላም ምክንያት አለ። በሜይ 2025 የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለው በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሞያሌ በአንድ አራስ ሕፃን ላይ መገኘቱን ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። ከዚህ በሽታ ጋር በቀላሉ የሚምታታው ያው ጉድፍ ነው። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያየች እናት «ጉድፍ ነው» ብላ ብትተወው ምናልባት ትክክል ትሆናለች፤ ምናልባትም የመርካው ነገር ይደገማል። የሚለየው ጤና ጣቢያ ነው።

እኛ ለሐጅ ስንነሣ የማጅራት ገትር ክትባት ሳንከተብ ቪዛ እንደማናገኝ እናውቃለን። ማንም አያጉረመርምም። ቢጫዋን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አስረን፣ ከገንዘባችን እኩል እንጠብቃታለን። ሚና ላይ አጠገባችን ለሚተኛው የማናውቀው ሐጃጅ ይህን ካደረግን፣ አንድ ግድግዳ ለሚለየን ጎረቤት ምን ያህል ይገባን? የልጆቻችን የክትባት ካርድ ግን የት እንዳለ እንኳ የማናውቅ ስንት ነን? ቤት ስንቀይር ትጠፋለች፤ ጤና ጣቢያ ስንጠየቅ «ተከትቧል መሰለኝ» እንላለን። «መሰለኝ» ምስክርነት አይደለም።

ልጃችሁ ላይ ሽፍታው ከወጣ እናቶቻችን ከቤት አታውጡት የሚሉት ትክክል ነው። ቁስሉ ሁሉ ቅርፊት እስኪይዝ ትምህርት ቤት፣ ቁርኣን ቤት፣ የጁሙዓ ሰላት፣ ሠርግ አይሂድ። ለትኩሳቱ አስፕሪን አትስጡት፤ በጉድፍ ጊዜ ለሕፃን አደገኛ ነው። ጥፍሩን ቁረጡለት። ለዚያራ የሚመጣውን ሰው በር ላይ ንገሩት፤ በተለይ እርጉዝ ከሆነች «ልጁ ጉድፍ ይዞታል፣ ሌላ ጊዜ ነይ» ማለት እንግዳን መመለስ አይደለም። ትንፋሽ ካጠረው፣ እንቅልፍ ከበዛበት፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ንገሯት።

የቁርኣን ቤት ኡስታዞች ደግሞ ልጆችን በየቀኑ ስም እየጠሩ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው። በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ልጅ ከቀረ ኡስታዙ ከማንም በፊት ያውቃል። በደብተሩ ላይ ልጁ የቀረበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የቀረበትን ምክንያት ይጻፍበት፤ ሽፍታ ከሆነም በዚያው ቀን ወደ ቀበሌው ጤና ጣቢያ ሰው ይላክ።